ትራንዚስተርን ባያስ ማድረግ፦ ከባዶ ብሬድቦርድ እስከሚሰራ አምፕሊፋየር

ቢሲ547 (BC547) የሚባለውን ትራንዚስተር ያልነካ የኤሌክትሮኒክስ ጀማሪ ጥቂት ነው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል። ዳታሺቱን (አምራቹ የሚያወጣውን የመረጃ ወረቀት) ከፍታችሁ ከረንት የማጉላት አቅሙን ስታዩ ግን ትንሽ ትደነግጣላችሁ። ከ110 እስከ 800 ይላል። ሁለት ቢሲ547 ብትገዙ አንዱ ከሌላው ሰባት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው፤ ሁለቱም ግን ደህና ናቸው። ፋብሪካው አልተሳሳተም። የዕቃው ባህሪ እንዲህ ነው።

ይህን ቁጥር ያዙት። የባያስ፣ ማለትም ሲግናል ከመምጣቱ በፊት ትራንዚስተሩን ተገቢ ከረንት ላይ የማሳረፍ ነገር ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። ለእኔ ጥሩ ባያስ ማለት የሰካችሁት ትራንዚስተር 110 ይሁን 800 ግድ የማይሰጠው ሰርኪዩት ነው። ብዙ ጀማሪ ተቃራኒውን ያደርጋል። መጀመሪያ ትራንዚስተሩን ይለካል፣ ከዚያ ለዚያች አንድ ትራንዚስተር ብቻ የሚሆን ሰርኪዩት ያሰላል። ትራንዚስተሩ የተቃጠለ ቀን ስሌቱም አብሮ ይቃጠላል።

እዚህ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሰራ፣ ትንሽ የድምፅ ሲግናልን 30 ጊዜ ገደማ የሚያጎላ ሰርኪዩት ከባዶ እናሰላለን። ከዚያ እንገጣጥማለን፣ በቴስተር እንለካለን። የኦምን ሕግ የምታውቁ ከሆነ ይበቃል።

ባያስ ለምን አስፈለገ

ትራንዚስተር ሦስት እግር አለው፦ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር። ኤንፒኤን በሚባለው ዓይነት ከቤዝ ወደ ኤሚተር ትንሽ ከረንት ስታስገቡ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ብዙ ከረንት ይፈሳል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ቤታ ይባላል። ቅድም ከ110 እስከ 800 ያልነው እሱን ነው።

ችግሩ ያለው መግቢያው ላይ ነው። ከቤዝ ወደ ኤሚተር ያለው መንገድ ዳዮድ ነው፣ ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ። ቮልቴጁ ወደ 0.6 ካልደረሰ ይህ ነው የሚባል ከረንት አያሳልፍም። ከማይክ የሚመጣው ሲግናል ደግሞ ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው። 5 ሚሊ ቮልት ይዞ የመጣ ሲግናል 600 ሚሊ ቮልት የሚጠይቅ ዳዮድ ፊት ቆሞ ይቀራል። በጣም ትልቅ ሲግናል ብትሰጡት እንኳ የሞገዱ ጫፍ ብቻ ያልፋል፣ የቀረው ይቆረጣል። የምትሰሙት ድምፅ ሳይሆን መንጫጫት ይሆናል።

ስለዚህ ሲግናሉ ከመምጣቱ በፊት ትራንዚስተሩን በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ የባትሪ ከረንት) በከፊል ከፍተን እንጠብቃለን። ሲግናሉ ሲመጣ ስራው ቀድሞ የሚፈሰውን ከረንት ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ይህ ቀድሞ ማዘጋጀት ነው ባያስ የሚባለው። ሲግናል በሌለበት ትራንዚስተሩ የሚያርፍበት ከረንትና ቮልቴጅ ደግሞ የሥራ ነጥብ ይባላል።

የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ጣሪያና ወለል አለው። ጣሪያው ባትሪው ነው፣ 9 ቮልት፤ ከዚያ በላይ መውጣት አይችልም። ወለሉ ኤሚተሩ ካለበት በትንሹ ከፍ ይላል። ሲግናሉ በሁለቱ መሀል ይዘላል። የሥራ ነጥቡ ጣሪያው ሥር ከሆነ ወደ ላይ ሲዘል ራሱን ይመታል፤ ወለሉ ላይ ከሆነ መውረጃ የለውም። ስለዚህ መሀል አካባቢ እናሳርፈዋለን። በትክክል መሀል መሆን የለበትም፣ አካባቢው ይበቃል።

አቋራጩ መንገድ ለምን አያዋጣም

አብዛኛው ሰው ሲጀምር የሚሰራው ይህን ነው። ከ9 ቮልት ወደ ቤዝ አንድ ትልቅ ሪዚስተር። ከ9 ቮልት ወደ ኮሌክተር ሌላ ሪዚስተር። ኤሚተሩ ቀጥታ ግራውንድ (የባትሪው ማይነስ)። ሁለት ሪዚስተር፣ አለቀ።

እስቲ እናስላው። ኮሌክተሩ ላይ 3.9 ኪሎ ኦም፣ ቤዙ ላይ 1.5 ሜጋ ኦም እናድርግ። ቤዙ 0.65 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል፤ ለ1.5 ሜጋው 8.35 ቮልት ይተርፋል። ይህ ወደ 5.6 ማይክሮ አምፒር የቤዝ ከረንት ይሰጣል። ቤታው 200 ከሆነ የኮሌክተሩ ከረንት 1.1 ሚሊ አምፒር ነው። በ3.9 ኪሎው ላይ 4.3 ቮልት ይወድቃል፣ ኮሌክተሩ 4.7 ላይ ያርፋል። ልክ መሀል። ያምራል።

አሁን ትራንዚስተሩን ነቅላችሁ ቤታው 110 የሆነውን ሰኩ። ኮሌክተሩ ወደ 6.6 ቮልት ይወጣል። እሺ፣ አሁንም ይሰራል። ቀጥላችሁ ስሙ መጨረሻ ላይ የሲ ፊደል ያለበትን ቢሲ547 ሰኩ። አምራቾች ቢሲ547ን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብለው ይመድቡታል፤ የሲ ምድብ ከ420 ይጀምራል። በ420 የኮሌክተሩ ከረንት 2.3 ሚሊ አምፒር መሆን አለበት። ያ ማለት በ3.9 ኪሎው ላይ 9.1 ቮልት መውደቅ አለበት። ባትሪው ግን 9 ብቻ ነው! ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሲግናል ብትሰጡት አይነቃነቅም። ዕቃው አልተበላሸም፣ የተቀየረው የስሙ የመጨረሻ ፊደል ብቻ ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ። የቤዙን ሪዚስተር ከባትሪው ሳይሆን ከራሱ ከኮሌክተሩ ታስነሱታላችሁ። ከረንቱ ሲበዛ የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ያኔ ቤዙ የሚያገኘውም ይቀንሳል። ሰርኪዩቱ ራሱን በራሱ ይይዛል። በ3.9 ኪሎና በ820 ኪሎ ኦም ብትሰሩት ቤታ 200 ላይ ኮሌክተሩ 4.9 ቮልት ይሆናል፤ 110 ላይ 6.1፣ 800 ላይ 2.4። መወዛወዙ አልጠፋም፣ ግን የትኛውንም ብትሰኩ አይሞትም። ለአሻንጉሊትና ለቀላል የማይክ ሰርኪዩት እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ። አሁን የምንሰራው ግን ከዚህ በጣም ይሻላል።

የሚያስፈልጋችሁ

አንድ ቢሲ547፣ የትኛውም ምድብ ይሁን። ከተቻለ ከሌላ ምድብ አንድ ጨምሩ፣ እየቀያየራችሁ የምታዩት ነገር አለ። ሪዚስተር፦ 68 ኪሎ፣ 15 ኪሎ፣ 3.9 ኪሎ፣ ሁለት 1 ኪሎ፣ ሁለት 10 ኪሎ እና 100 ኦም። ካፓሲተር፦ ሁለት 10 ማይክሮ ፋራድ እና አንድ 100 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ዕቃ የሚሰካበት ባለቀዳዳ ሰሌዳ)፣ የ9 ቮልት ባትሪ ከነሽቦው፣ ዲጂታል ቴስተር።

የድሮ ባለመርፌ ቴስተር ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤዙን ስትለኩ መርፌው ራሱ ከረንት ስለሚወስድ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያችኋል። ሰርኪዩቱ ተበላሸ ብላችሁ መፍታት እንዳትጀምሩ።

እግሮቹን መለየት

ብዙ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ነው። የቢሲ547ን ጠፍጣፋ ፊት ወደ እናንተ አዙሩ፣ እግሮቹ ወደ ታች ይሁኑ። ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። 2ኤን3904 ከሆነ የያዛችሁት ተገላቢጦሽ ነው፦ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ከአሮጌ ሬዲዮ ቦርድ ላይ የምትነቅሉት ሲ1815 ደግሞ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው፤ ቤዙ መሀል ላይ አይደለም። መልካቸው አንድ ስለሆነ በዓይን አትመኑ።

ስሙ የጠፋ ከሆነ ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ። ቀዩን ጫፍ አንድ እግር ላይ ይዛችሁ ጥቁሩን በሌሎቹ ሁለት ላይ ተራ በተራ ንኩ። በሁለቱም 0.6 ወይም 0.7 አካባቢ ካሳየ ቀዩ የነካው ቤዝ ነው፣ ትራንዚስተሩም ኤንፒኤን ነው። ከሁለቱ ንባቦች በጥቂት ሚሊ ቮልት ከፍ ያለው ኤሚተሩ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

1ኛ ደረጃ፦ ከረንቱን ምረጡ

ስሌቱ የሚጀምረው ከቤታ ሳይሆን እኛ ከምንፈልገው የኮሌክተር ከረንት ነው። ለትንሽ የድምፅ ሲግናል 1 ሚሊ አምፒር ጥሩ መነሻ ነው። ቢሲ547 እስከ 100 ሚሊ አምፒር ይችላል፤ እኛ ከመቶ አንዱን ነው የምንጠይቀው። ባትሪውም ቶሎ አያልቅም።

2ኛ ደረጃ፦ ኤሚተሩ ሥር ሪዚስተር አስገቡ

አቋራጩ ሰርኪዩት የጎደለው ይህ ነው። ኤሚተሩን ቀጥታ ግራውንድ ከማድረግ ይልቅ በመሀል ሪዚስተር እናስገባለን፣ በላዩም 1 ቮልት ገደማ እንዲወድቅ እናደርጋለን። 1 ቮልት ሲካፈል ለ1 ሚሊ አምፒር፣ 1 ኪሎ ኦም።

ይህች ሪዚስተር ምን ታደርጋለች? ቤዙን በአንድ ቮልቴጅ ላይ ቆልፈነው እንበል። በሆነ ምክንያት ከረንቱ ጨመረ። በ1 ኪሎው ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ኤሚተሩ ከፍ ይላል። ቤዙ ባለበት ስለቆመ በቤዝና በኤሚተር መሀል ያለው ልዩነት ይጠባል። ልዩነቱ ሲጠብ ትራንዚስተሩ ይዘጋል፣ ከረንቱም ይመለሳል። ከረንቱ ሲቀንስ ደግሞ በተቃራኒው። ማንም ሳይነካው ራሱን ያስተካክላል።

ሙቀትም ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ከቤዝ ወደ ኤሚተር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በ2 ሚሊ ቮልት ገደማ ይቀንሳል። ቀላል ይመስላል። አዲስ አበባ በማለዳ ብርድ 10 ዲግሪ ላይ ያስተካከላችሁትን ሰርኪዩት 40 ዲግሪ ሰመራ ላይ አስቡት። የ30 ዲግሪ ልዩነት 60 ሚሊ ቮልት ነው። የኤሚተር ሪዚስተር ሳይኖር ቤዙን በቋሚ ቮልቴጅ ብትይዙት ይህ 60 ሚሊ ቮልት ከረንቱን አሥር እጥፍ ያደርሰዋል። 1 ኪሎው ካለ ግን ለውጡ 0.06 ሚሊ አምፒር ገደማ ብቻ ነው።

ከ1 ቮልት በታች ከወረዳችሁ መቆጣጠሩ ይደክማል። ከመጠን በላይ ከጨመራችሁ ደግሞ ወለሉ ከፍ ስለሚል ሲግናሉ የሚዘልበት ቦታ ይጠብባል። ለ9 ቮልት 1 ቮልት ልከኛ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ የኮሌክተሩ ሪዚስተር

ወለሉ የኤሚተሩ 1 ቮልት ሲደመር ትራንዚስተሩ ራሱ የሚያስቀረው 0.2 ያህል፣ በድምሩ 1.2 ቮልት። ጣሪያው 9። መሀላቸው 5.1 ቮልት ነው። ስለዚህ በኮሌክተሩ ሪዚስተር ላይ 3.9 ቮልት መውደቅ አለበት። ሲካፈል ለ1 ሚሊ አምፒር 3.9 ኪሎ ኦም፤ ገበያ ላይ ያለ መደበኛ ዋጋ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ የቤዙ ሁለት ሪዚስተሮች

ኤሚተሩ 1 ቮልት ላይ እንዲቆም ቤዙ ከሱ በ0.65 ከፍ ብሎ 1.65 መሆን አለበት። ይህን ቮልቴጅ ከ9 ቮልቱ የምናገኘው በሁለት ሪዚስተር ከፋፍለን ነው። አንዱ ከባትሪው ወደ ቤዝ፣ ሌላው ከቤዝ ወደ ግራውንድ።

ዋናው ጥያቄ በሁለቱ ውስጥ ምን ያህል ከረንት ይፍሰስ የሚለው ነው። ቤዙ ከመሀል ላይ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ ድርሻው ደግሞ በቤታ ይወሰናል። በሪዚስተሮቹ የሚፈሰው ከቤዙ ድርሻ በጣም ከበለጠ ቤዙ ወሰደ አልወሰደ ቮልቴጁ አይነቃነቅም። የተለመደው 10 እጥፍ ነው። ለጥንቃቄ ቤታን 100 ብለን እንያዝ። የቤዙ ድርሻ 10 ማይክሮ አምፒር ይሆናል፤ ሪዚስተሮቹ 100 ማይክሮ አምፒር ያሳልፉ።

የታችኛው፦ 1.65 ቮልት ሲካፈል ለ100 ማይክሮ አምፒር፣ 16.5 ኪሎ። የላይኛው የቤዙንም ድርሻ ስለሚያሳልፍ ቀሪው 7.35 ቮልት ለ110 ማይክሮ አምፒር ይካፈላል፣ 66.8 ኪሎ። ለላይኛው 68 ኪሎ እንወስዳለን። ለታችኛው 15 ወይም 18 መምረጥ አለብን፤ እኔ 15 እመርጣለሁ። 18 ብታደርጉት ከረንቱ ከ1 ሚሊ አምፒር ያልፍና ኮሌክተሩ ወደ ወለሉ ይጠጋል።

ለምን 100 እጥፍ አናደርገውም የሚል ይኖራል። ቮልቴጁ ይበልጥ ይረጋ ነበር። ግን ሪዚስተሮቹ በጣም ስለሚያንሱ የሚመጣውን ሲግናል ራሳቸው ወደ ግራውንድና ወደ ባትሪው ይጎትቱታል። ባትሪውንም በከንቱ ይበላሉ።

5ኛ ደረጃ፦ ቤታን ቀይሮ መፈተን

ቤዙ ምንም ካልወሰደ ቮልቴጁ 9 ሲባዛ 15 ሲካፈል ለ83፣ ማለትም 1.63 ነው። ከዚህ 0.65 ሲቀነስ ኤሚተሩ 0.98 ይሆናል። ቤዙ የሚወስደውን ስንጨምርበት እውነተኛው በትንሹ ይወርዳል። ቤታ 110 ላይ ከረንቱ 0.87 ሚሊ አምፒር፣ ኮሌክተሩ 5.6 ቮልት ነው። ቤታ 200 ላይ 0.92 ሚሊ አምፒር፣ 5.4 ቮልት። ቤታ 800 ላይ 0.96 ሚሊ አምፒር፣ 5.25 ቮልት።

እስቲ ከአቋራጩ ጋር አስተያዩት። ያኛው በ110 እና በ420 መሀል ከ6.6 ቮልት ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ። ይኼኛው ከ110 እስከ 800 ሄዶ የተንቀሳቀሰው 0.35 ቮልት ብቻ ነው። የሁለት ተጨማሪ ሪዚስተር ዋጋ ይህን ገዛልን።

6ኛ ደረጃ፦ ገጥሙና ያለ ሲግናል ለኩ

ካፓሲተር ገና አትንኩ። አራቱን ሪዚስተርና ትራንዚስተሩን ብቻ ሰኩ፣ ባትሪውን አያይዙ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ግራውንድ ላይ አድርጋችሁ በቀዩ ተራ በተራ ለኩ።

ባትሪው፦ 9 አካባቢ፤ አዲስ ከሆነ ከ9 በላይ ቢያሳይ አይግረማችሁ።
ቤዝ፦ ከ1.5 እስከ 1.7
ኤሚተር፦ ከ0.85 እስከ 1.05
ኮሌክተር፦ ከ5 እስከ 6

ሪዚስተሮች በ5 ከመቶ ሊዛነፉ ስለሚችሉ በእነዚህ መሀል ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ኤሚተሩ ሥር 1 ኪሎ መሆኑ አንድ ምቾት አለው፦ ኤሚተሩ ላይ ያነበባችሁት ቮልት በቀጥታ ሚሊ አምፒር ነው። 0.92 ቮልት ካለ 0.92 ሚሊ አምፒር ይፈሳል። ከረንት ለመለካት ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም።

ሁለተኛ ትራንዚስተር ካላችሁ አሁን ቀይሩትና እንደገና ለኩ። ቴስተራችሁ ኤችኤፍኢ (hFE፣ የቤታ ሌላ ስም) የሚል መሰኪያ ካለው የሁለቱን ቤታ ቀድማችሁ ለክታችሁ ጻፉ። ቤታው በእጥፍ ሲለያይ ኮሌክተሩ ምን ያህል እንደተነቃነቀ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ቁጥሩ አልመጣ ካለ

ኮሌክተሩ ልክ እንደ ባትሪው 9 ከሆነ ከረንት አይፈስም። ቤዙን እዩ። ዜሮ ከሆነ 68 ኪሎው አልተሰካም ወይም ቤዙ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል። ቤዙ 1.6 ሆኖ ኤሚተሩ ዜሮ ከሆነ የቤዝና የኤሚተሩ መንገድ ተቋርጧል፤ ትራንዚስተሩን ቀይሩ።

ኮሌክተሩና ኤሚተሩ ሁለቱም ወደ 1.9 ቮልት ከሆኑ፣ ቤዙም 2.5 አካባቢ ከሆነ፣ 15 ኪሎው የለም። ብሬድቦርዱ ላይ አንድ ቀዳዳ ወዲህ ወይም ወዲያ ተሰክቶ ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ቁጥሮቹ ከምንም ጋር የማይገጥሙ ከሆነ እግሮቹን እንደገና አረጋግጡ። ኮሌክተርና ኤሚተር ተገላብጠው ከሆነ ቶሎ ንቀሉት። የቤዝና የኤሚተሩ መገናኛ ወደ ኋላ የሚችለው 6 ቮልት ገደማ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ትራንዚስተሩ ባይሞትም ይዳከማል።

ሪዚስተርንም በቀለሙ ብቻ አትመኑ። በመብራት ሥር ቀይና ብርቱካናማ ይምታታሉ። ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩት።

7ኛ ደረጃ፦ ጌይኑን መወሰን

ዲሲው ከተስተካከለ ቀሪው ቀላል ነው። ጌይን የሚባለውን፣ ሲግናሉ ስንት ጊዜ እንደሚጎላ፣ የሚወስነው የኮሌክተሩ ሪዚስተር ለሲግናሉ ከሚታየው የኤሚተር ሪዚስተር ጋር ያለው ጥምርታ ነው። ትራንዚስተሩ ራሱም በውስጡ ትንሽ የኤሚተር ሪዚስተር አለው፤ 25 ሚሊ ቮልትን ለከረንቱ ስታካፍሉ ታገኙታላችሁ። ለ0.92 ሚሊ አምፒር 27 ኦም ይሆናል።

አሁን ባለበት ጌይኑ 3,900 ሲካፈል ለ1,027፣ ማለትም 3.8 ነው። ለባያሱ የጠቀመን 1 ኪሎ ጌይኑን በላው። ብዙ መጽሐፍ 1 ኪሎውን በትልቅ ካፓሲተር ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት ይላል። ያኔ ጌይኑ 3,900 ሲካፈል ለ27፣ 144 ይሆናል። ትልቅ ቁጥር ነው፣ ግን አልወደውም። 27 ኦሙ የሚለዋወጥ ነገር ነው፤ ሲግናሉ ራሱ ከረንቱን ሲያወዛውዝ እሱም ይወዛወዛል፣ ድምፁም ይዛባል። እንደገና በትራንዚስተሩ ባህሪ እጅ ወደቅን ማለት ነው።

እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ነው። 100 ማይክሮ ፋራዱን ከ100 ኦም ጋር በተከታታይ አገናኙና ሁለቱን በአንድነት ከ1 ኪሎው ጎን አስቀምጡ። አንዱ ጫፍ ኤሚተር፣ ሌላው ግራውንድ። ካፓሲተሩ ዲሲ ስለማያሳልፍ ባያሱ አይነካም፤ ያነበባችኋቸው ቮልቴጆች ያው ናቸው። ለሲግናሉ ግን 100 ኦሙና 1 ኪሎው ጎን ለጎን ሆነው 91 ኦም ይታያሉ። ከ27 ጋር 118። ጌይኑ 33 ገደማ። የካፓሲተሩ ፕላስ ወደ ኤሚተሩ በኩል ይሁን።

8ኛ ደረጃ፦ መግቢያና መውጫ

ሲግናሉን ቀጥታ ቤዙ ላይ ብታያይዙት የለፋችሁበት 1.6 ቮልት ወደ ስልኩ ወይም ወደ ማይኩ ይፈሳል፣ ባያሱ ይፈርሳል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ 10 ማይክሮ ፋራድ፣ በመውጫው ላይም ሌላ 10 ማይክሮ ፋራድ እናስገባለን። ዲሲው ወደ ውስጥ ይቀራል፣ ሲግናሉ ያልፋል።

የካፓሲተሩ አቅጣጫ ላይ ተጠንቀቁ። የመውጫው ፕላስ ሁልጊዜ ወደ ኮሌክተሩ ነው። የመግቢያው ግን እንደ ምንጩ ይለያያል። ስልክ ከሆነ ከስልኩ በኩል ዲሲ ስለሌለ ፕላሱ ወደ ቤዙ ይሁን። ኤሌክትሬት ማይክ (ለመሥራት ከባትሪ ከረንት የሚፈልግ ትንሽ ማይክ) ከሆነ ማይኩ ራሱ በ10 ኪሎ በኩል ከባትሪው ይመገባል፤ የማይኩ እግር ላይ ከ1.6 የበለጠ ቮልቴጅ ይኖራል። ያኔ ፕላሱ ወደ ማይኩ ይዞራል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሁለቱንም ጫፍ በቴስተር ለኩ፤ ከፍ ያለው ፕላሱን ይወስዳል።

9ኛ ደረጃ፦ ድምፅ አስገቡ

የስልክ ሲግናል ለዚህ ሰርኪዩት ይበዛል። ከስልኩ 10 ኪሎ አሳልፉና ከ10 ኪሎው ማዶ 1 ኪሎ ወደ ግራውንድ ጣሉ። ከሁለቱ መገናኛ ወደ መግቢያው ካፓሲተር ውሰዱ። ሲግናሉ 12 ጊዜ ያህል ይቀንሳል። የስልኩን ግራውንድና የሰርኪዩቱን ግራውንድ ማገናኘት አትርሱ።

መውጫውን የራሱ አምፕሊፋየር ባለው ስፒከር መግቢያ ላይ ሰኩ፣ ስፒከሩን መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ። ባለ8 ኦም ባዶ ስፒከር ግን ቀጥታ አታገናኙ። ይቃጠላል ብዬ አይደለም፣ ምንም ስለማትሰሙ ነው። የኮሌክተሩ 3.9 ኪሎ ጎን 8 ኦም ሲቆም ለሲግናሉ የሚታየው 8 ኦም ብቻ ነው፤ ጌይኑ ከአንድ በታች ይወርዳል። የሚቀጥለው መሣሪያ መግቢያ 10 ኪሎ ቢሆን እንኳ ጌይኑ ከ33 ወደ 24 ዝቅ ይላል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ የሚጠበቅ ነው።

ኦሲሎስኮፕ (የሲግናሉን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ከሌላችሁ ጆሯችሁ ይበቃል። ስልኩ ላይ የ300 ኸርዝ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ክፈቱና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። እስከሆነ ቦታ ድረስ ድምፁ ንጹሕ ይሆንና ድንገት ሻካራ ይሆናል። ጣሪያውን መታ ማለት ነው። ኮሌክተሩ 5.4 ላይ ስለሆነ ወደ ላይ 3.6 ቮልት፣ ወደ ታች ከ4 በላይ አለው፤ ስለዚህ በእኛ ሰርኪዩት ጣሪያው ይቀድማል። ከዚያ 15 ኪሎውን በ10 ኪሎ ቀይራችሁ ሞክሩ። ኤሚተሩ ከግማሽ ቮልት በታች ይወርዳል፣ ኮሌክተሩ ከ7 በላይ ይወጣል፣ ድምፁም ቀደም ብሎ ይሰበራል። የባያስን ጥቅም ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሙከራ አላውቅም።

በቁጥር መለካት የሚፈልግ በቴስተሩ የኤሲ ቮልት ይለካ፣ መጀመሪያ ስልኩ ላይ፣ ቀጥሎ መውጫው ላይ። ሲግናሉ መግቢያው ላይ 12 ጊዜ ያህል ስለቀነሰ፣ ጌይኑን ለማግኘት የስልኩን ንባብ መጀመሪያ ለ12 ያካፍል። ርካሿ ቢጫ ቴስተር ግን ዝቅተኛ የኤሲ መጠኗ 200 ቮልት ስለሆነ ለዚህ አትሆንም።

ባትሪው ሌላ ከሆነ

አሠራሩ አይቀየርም። ለ12 ቮልት 1 ሚሊ አምፒሩንና የኤሚተሩን 1 ኪሎ እንዳለ ተዉት። ኮሌክተሩን 5.6 ኪሎ፣ የቤዙን የላይኛውን 91 ኪሎ አድርጉ፣ የታችኛው 15 ኪሎ ይቆይ። ኮሌክተሩ 6.5 ቮልት አካባቢ ያርፋል። ፒኤንፒ ትራንዚስተር ከሆነ ያላችሁ ስሌቱ ያው ነው፤ የባትሪውንና የካፓሲተሮቹን አቅጣጫ ግን ገልብጡ። ከጀርማኒየም የተሰራ የጥንት ትራንዚስተር ካጋጠማችሁ ደግሞ 0.65 ያልነውን ሁሉ በ0.2 ወይም በ0.3 ቀይራችሁ አስሉ።